ጠባሳና ጉልበት

በኦቾሎ ዐለት ላይ እርጅና የሚጀምረው ከጉልበት ነው። ሜዳ ላይ የተወለደ ሰው መሸምገሉን አስቀድሞ የሚነግረው ዓይኑ ወይም ጥርሱ ይሆናል፤ የኦቾሎ ሰው ግን ገና ጠጉሩ ሳይነጣ፣ ገና የበቆሎ ጥብስ በወጉ እያኘከ፣ አንድ ቀን ማለዳ ከደጁ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጉልበቱ «እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያን ዕለት በኋላ ጥያቄው አይቋረጥም። አማርኛ ለሰው ልጅ ኃይልም፣ በጭንና በቅልጥም መካከል ላለችው መታጠፊያም «ጉልበት» የሚል አንድ ስም ማውጣቱ እንዲያው በዘፈቀደ አለመሆኑን ለመረዳት፣ ኦቾሎን አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ ይበቃል።

ኦቾሎ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዓባያ ሐይቅ ሜዳ በላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ዐለት ላይና በዙሪያው የሰፈረ መንደር ነው። ቤቶቹ በቋጥኝና በቋጥኝ መካከል እንደ ሽብልቅ የተመቱ ይመስላሉ። ከየጓሮው የእንሰት ቅጠል ብቅ ብሏል። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከትም፣ ውሃው ቀላ ያለው ዓባያ ከሙዙ እርሻ ማዶ ተንጣሎ ይታያል። ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በአብዮቱ ዋዜማና ማግሥት እዚህ ተቀምጦ የሕዝቡን ሸንጎ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍም የዚህን ዐለት ስም በሩቅ አገር የትምህርት አዳራሾች ሳይቀር አስጠርቷል። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርና ጉልበቱ እምብዛም ያስቸገረው አይመስልም።

በሸንጎው አደባባይ፣ በድንጋይ መቀመጫ ላይ ተሰብስበው ስለ መሬት፣ ስለ ጥፋትና ስለ ቅጣት ይነጋገሩ የነበሩት ወንዶች፣ ያውም «ማላ» ከሚባለው ወገን የተወለዱ ወንዶች ነበሩ። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ሴቲቱ በዚያ ቦታ ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ እርጅና ለወንዱ ማዕረግ ሲጨምርለት፣ ለሴቲቱ ይጨምርላት የነበረው ውሃ የምትቀዳላት ምራት ብቻ ነበር። የሴቶቹ ሸንጎ ከምንጭ ዳርና ከምድጃ ዙሪያ ሌላ ስፍራ አልነበረውም። እዚያ የተወሰነውን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም፤ ይሁን እንጂ ልጅ ሲታመም የሚሠራበት ሕግ እዚያ የወጣው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ከዚያ ከምድጃው ሸንጎ የሚመደቡ አንዲት ባልቴት ናቸው። የተወለዱበትን ዓመት አያውቁትም፤ ነገር ግን የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. የሁለት ልጆች እናት እንደ ነበሩ ስለሚናገሩ፣ ሰባውን ከተሻገሩ ጥቂት ዓመታት እንደ ሆናቸው መገመት ይቻላል። በአዋጁ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚገመትለት ዕድሜ 45 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። እንግዲህ ባልቴቷ ዘመናቸው ከመደበላቸው በላይ ሠላሳ ዓመት ያህል በትርፍ ኖረዋል ማለት ነው። በዚህ ትርፍ ላይ ምን አገኙበት ተብለው ቢጠየቁ ግን፣ ቀድሞ ወደ አፋቸው የሚመጣው የሚያናድዳቸው ነገር ዝርዝር ነው።

መርፌ ቀዳዳዋን ደብቃባቸዋለች። ክር ለማሳለፍ የጎረቤት ልጅ መጥራት ግድ ሆኗል፤ ልጁ አሳልፎ እስኪጨርስ ደግሞ የሚጠቀመው ልብስ የት እንደ ገባ ይጠፋቸዋል። ቆሎ ከጥርሳቸው ጋር የነበረውን የጥንት ወዳጅነት አቋርጧል፤ ቆጮው በደንብ ካልለሰለሰ አይሆንላቸውም፤ ቡላ ሲገነፋ ግን ፊታቸው ይበራል። ምራታቸው ጨው የሚቀመጥበትን ስፍራ በየሳምንቱ ትለውጣለች፤ ወይም ደግሞ እሳቸው በየሳምንቱ ይረሱታል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች እስካሁን ከስምምነት ላይ አልደረሱም። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው ልጃቸው የእጅ ስልክ ልኮላቸዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከቤታቸው በላይ ካለው ቋጥኝ ጫፍ ሲደረስ ነው። ስልኩ ሲጮኽ በትራቸውን ፈልገው፣ ቡልኳቸውን ደርበው፣ እያቃሰቱ እዚያ ሲደርሱ ዝም ይላል፤ መልሰው ሲወርዱ ይጮኻል። ያልከዳቸው ነገር ቢኖር እንዝርታቸው ነው። ጥጥ መፍተልን ጣታቸው በጨለማም ያውቀዋልና፣ ዓይን ቢደክም ባይደክም ክሩ አይበጠስም።

ጉልበታቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ተናግረዋል እየተባለ በመንደሩ ይወራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ አካባቢ በደረሰው ግፍ የጋሞ ልጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ቁጣው የገነፈለ ወጣት ለበቀል አደባባይ ወጥቶ ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቱ ተመለሰ። ያ ምስል አገር ምድሩን አዳርሷል። ባልቴቷም ምስሉን በልጅ ልጃቸው ስልክ ካዩ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «መንበርከኩንስ ተንበረከኩ፤ ማን አነሣቸው?» አሉ ይባላል። ሰሚው ሁሉ ስቋል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ለሰላም የከፈሉትን ዋጋ ከዚህ አጠር አድርጎ የገለጸው ሰው የለም።

ከሁሉ የከፋው የዕለት ተዕለት ጠላታቸው ግን ሽኮኮ ነው። ጥንቸል የሚያህለው፣ ጅራት የሌለው፣ ድምቡሽቡሽ ያለው ይህ አውሬ በኦቾሎ የሚኖረው ጫካ ውስጥ አይደለም፤ ከሰው ጋር ነው። ቤት በተሠራበት ዐለት ሥር ባለው ስንጥቅ ይወልዳል፤ ሰው ሰብሉን በሚያሰጣበት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የጓሮ ጎመን ይቀጥፋል፤ ሽንቱ ዐለቱን አጥቦ አጥቦ ነጭ ዝንጉርጉር አድርጎታል። አንዱ ዘብ ሆኖ ከላይ ይቆማል፤ ሰው ብቅ ሲል ያፏጫል፤ መንጋው ዐለቱ እንደ ዋጠው ይጠፋል። ባልቴቷ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ይወረውሩበታል። መትተውት አያውቁም። ያም ሆኖ መወርወሩን እንደ ግዴታ ቆጥረውት አንድም ቀን አስታጉለው አያውቁም።

ሽኮኮው ከባልቴቷ ጋር ያለው ሒሳብ ግን ከጎመን ያለፈ ነው። በግራ ጉንጫቸው ላይ የድሮ ስሙኒ የሚያህል፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ፣ ከቀረው ቆዳቸው ፈካ ያለ ጠባሳ አለ። ይህን የመሰለ ጠባሳ በኦቾሎ ብርቅ አይደለም። አንዱ በግንባሩ፣ ሌላው በአፍንጫው ጫፍ፣ ሦስተኛው በጆሮው ጠርዝ ይዞት ይታያል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሕዝቡ ቁንጭር የሚለው፣ በሳይንስ ስሙ የቆዳ ሌይሽማኒያ የተባለው በሽታ ጥሎት የሄደ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መባቻ ድረስ ይህ ቁስል ከየት እንደሚመጣ በእርግጥ አልታወቀም ነበር። በ1973 አሽፎርድ፣ ብሬይና ባልደረቦቻቸው በሦስት ስፍራዎች፣ ማለትም በወሎ ኩታበር፣ በወለጋ አለኩና በዚሁ በኦቾሎ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ በቋጥኝ ለቋጥኝ በሚኖረው ሽኮኮ ሰውነት ውስጥ እንደሚገኝና ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያሻግረውም አንድ ጥቃቅን ዝንብ እንደ ሆነ ታወቀ። በዚያው ዓመት ተሕዋሱ በአገራችን ስም ተጠርቶ «ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ» ተባለ። የኢትዮጵያ ስም በዓለም የሳይንስ መዝገብ የሰፈረበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይህኛው የሚያኮራ ባይሆንም የራሳችን ነው። የአሸዋ ዝንብ የሚባለው አሻጋሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ቢንቢ አይዘምርም፤ ረጅም ርቀት መብረር አይችልም፤ ቀን በዋሻና በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ ያገኘውን ፊት ይነክሳል። ኦቾሎ ለዝንቡ ዋሻ፣ ለሽኮኮው ስንጥቅ፣ ለሁለቱም የሰው ጎረቤት ያዘጋጀች መንደር ናት። መንደሪቱን ከጠላት የጠበቃት ዐለት ይህንንም አብሮ ሰጣት።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 «ኦቾሎ ዳግም ስትጎበኝ» በሚል መንፈስ የታተመ ሌላ ጥናት በሽታው እዚያው እንደ ነበረ አገኘው። ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃውም ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች እንደ ሆነ አረጋገጠ። ለምን ልጆችን? ትልልቆቹን ዝንቡ ስለማይነክስ አይደለም። ትልልቆቹ ቀድሞ ስለ ያዛቸው ነው። ይህ ቁስል ያዘው የተባለ ሰው ፊት ላይ ብጉር መስሎ ይጀምራል፤ በወራት ውስጥ ያድጋል፤ ይከፈታል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ያን ጊዜ ሰውነት ትምህርቱን ተምሯልና፣ አብዛኛውን ጊዜ ያው በሽታ ዳግመኛ አይመለስበትም።

ባልቴቷ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም። ምድጃው ዙሪያ የተማሩት ሕግ ይህንኑ ይላል፦ በልጅነት የያዘው በእርጅና ይተኛል። ጠባሳቸውን እንደ ዕዳ የተከፈለበት ደረሰኝ ነው የሚያዩት። ጉልበታቸው ቢከዳ፣ ዓይናቸው ቢፈዝ፣ ጥርሳቸው ቢረግፍ፣ ከዝንቡ በኩል ያለባቸው ነገር የለም። ከሌላ ቀበሌ በጋብቻ የመጣችው ምራታቸው በሠላሳ ዓመቷ ክንዷ ላይ ቁስሉ ወጥቶባት ስትንገበገብ፣ እሳቸው በዚያው ቤት፣ በዚያው ሌሊት፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ተኝተዋል። «ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው ተረት ለሳቸው ተረት አይደለም። የጤና ነገር ሲነሣ ባለዕድል ነኝ የሚሉት ይህን ይዘው ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል የእርጅና ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የልጃቸው ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከአፍንጫው ግራ ጠርዝ አጠገብ ብጉር ወጣበት። በክረምቱ ተከፈተ። በጥቅምት አካባቢ ቁስሉ አፍንጫውን በአንድ ወገን አሳብጦት፣ ልጁ በክፍል ውስጥ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መቀመጥ ጀመረ። እናቲቱ ወደ ሐኪም ይሂድ አለች። አያቱ አይሆንም አሉ። «እኔንም ይዞኝ ለቆኛል፤ እሱንም ይለቀዋል፤ ሲያድግ ያመሰግነዋል።» በቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነበርና ነገሩ በዚያ ቆመ።

የልጁ መምህር ለሥራው የሚጨነቅ ወጣት ነው። በክፍሉ ካሉት ልጆች መካከል ጠባሳ ያለው ከሌለው እንደማያንስ ያውቃል፤ እሱ ራሱም በአገጩ ላይ አንድ አለው። አንድ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው መጣ። ክርክሩ በጋሞኛ ነበር፤ የተሟጋቾቹ ኃይል ግን እኩል አልነበረም። መምህሩ «እማማ፣ ዛሬ መድኃኒት አለው» ይላል። እሳቸው «ልጄ፣ ያንተን ማን አዳነው?» ይላሉ። መምህሩ አገጩን ይነካል። ማንም አላዳነውም፤ በራሱ ነው የደረቀው። እንዲህ ሆኖ መምህሩ ቡና ጠጥቶ፣ ምንም ሳያሳምን ተመለሰ።

እዚህ ላይ ለባልቴቷ ወገን ሆኖ መናገር ተገቢ ነው። የምድጃውን ሸንጎ ዕውቀት «ኋላ ቀር» ብሎ መጣል በቢሮ የሚቀመጥ ሰው የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱም ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመግደል የሚያስችል ተክል ከአጣቢ ሴቶች እጅ ሥር ተገኘ። ሴቶቹ ልብስ ማንጻቱን እንጂ ቀንድ አውጣ መግደሉን አላሰቡትም፤ ሆኖም ነገሩ እውነት ነበር። ያው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር በኢትዮጵያ ደጋ ስላለው የቆዳ ሌይሽማኒያ ከታተሙት ቀዳሚ ጥናቶች የአንዱ ጸሐፊ ነው። የእንዶዱ ነገር የሚያስተምረው የባልቴት ቃል ሁሉ እውነት ነው ማለትን አይደለም፤ መመርመር እንደሚገባው ግን ያስተምራል።

የኦቾሎዋ ባልቴት ቃል ደግሞ በሌላ አገር ተመርምሯል። በሶርያ ሀለብና በኢራቅ ባግዳድ ከዚህ ጋር የሚዛመድ ቁስል ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በዓመት ይደርቃልና «የዓመት ቁስል» ይሉታል። የዚያ አገር እናቶች ሴት ልጃቸው ፊቷ እንዳይበላሽ አስበው፣ ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው በተሸፈነ ገላዋ ላይ ይከትቡላት ነበር። አንድ ጊዜ ከያዛት አይደግማትምና። ቆይቶም ሐኪሞች ይህንኑ የእናቶች ጥበብ ወደ ሳይንስ ወስደው በሶቭየት ኅብረትና በመካከለኛው ምሥራቅ ሠርተውበታል። ኢራን ከኢራቅ ጋር በተዋጋችበት በ1980ዎቹ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ይልቁንም ወታደር፣ በዚህ መንገድ ተከትቧል። በመጨረሻ ግን ሥራው በአብዛኛው ቀርቷል። ምክንያቱ ክትባቱ አለመሥራቱ አልነበረም፤ በብዙዎቹ ላይ ሠርቷል። ያልደረቀላቸው ሰዎች ነበሩ። ሆን ብሎ የተሰጠ ቁስል አልዘጋም ሲል ለዚያ ሰው ምን ይባላል?

ይህ ሁሉ በኦቾሎ ዐለት ላይ አልተወራም። በዚያ ቤት ነገሩን የለወጠው ሌላ ነው።

መምህሩ ከተመለሰ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ ምድጃው ዳር፣ ባልቴቷ ጥጥ እየፈተሉ ሳለ እንዝርቱን አስቀመጡ። ምራታቸው ልጁን ቁስሉን በሞቀ ውሃ እያጠበችው ነበር። «እህት ነበረችኝ» አሉ። ምራቲቱ በዚያ ቤት ስትኖር አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስለ እህት ሰምታ አታውቅም። ታናሻቸው ነበረች። ሁለቱም በአንድ ቆዳ ላይ ይተኙ ነበር፤ በአንድ ክረምት ሁለቱንም ያዛቸው፤ አንድ ዝንብ ሳይሆን አይቀርም ሁለቱን የነከሰ። የታላቂቱ ደረቀ። የታናሺቱ አልደረቀም። ከጉንጯ ወደ ቅንድቧ፣ ከቅንድቧ ወደ ጆሮዋ፣ ቀጥሎም ወደ እጇ ተዛመተ፤ አይቆስልም፤ ያብጣል እንጂ። ሰው የሥጋ ደዌ ነው አለ። ወደ ምንጭ መውረድ ተወች፤ ቀጥሎ ከደጅ መውጣት ተወች። ሳታገባ፣ ከጓዳ ሳትወጣ፣ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ስሟን በቤቱ ያነሣው የለም።

ሐኪሞች ይህንን መልክ ያውቁታል። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ተሕዋሱን እንደ ጠላት አይለየውም፤ በዚህም የተነሣ በሽታው ያለ ከልካይ በመላው ቆዳ ይሠራጫል፤ በራሱም ጊዜ አይድንም። ከሥጋ ደዌ ጋር መመሳሰሉ ብዙዎችን ያለ ጥፋታቸው አስገልሏል። ደግሞም በአፍንጫና በከንፈር ጠርዝ የወጣ ቁስል ወደ ውስጥ ዘልቆ ስሱን ክፍል ሊበላ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ቁጥራቸው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በገበያ ቀን አይታዩም፤ በሠርግ አይጨፍሩም፤ ምንጭ ዳር ቆመው «እኔን ግን አልለቀቀኝም» ብለው አይመሰክሩም። ምንጭ ዳር የሚመሰክሩት ጠባሳቸውን ይዘው በእግራቸው የመጡት ናቸው። የምድጃው ሕግ የወጣው በነዚህ ምስክርነት ብቻ ነው።

ባልቴቷ ነገሩን በሌላ መንገድ ነው ያሉት። «መምህሩ ስንት ሰው እንደ ዳነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እህቴን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።» ጥቂት ቆይተውም ልጁን ወደ ብርሃኑ ሳቡት፤ የማያይ ዓይናቸውን አስጠግተው አፍንጫውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ነገ እንወርዳለን» አሉ። ምራታቸው እኔ እወስደዋለሁ አለች፤ ሰሚ አላገኘችም።

ከኦቾሎ ወደ ላንቴ፣ ማለትም ከዐለቱ ወደ ሜዳው ወደ አውራ ጎዳናው፣ ለወጣት ሰው ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ለሰባ ዓመት ጉልበት ግን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከፋል። ዳገት ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ጉልበት ይበላል። ባለ ሞተር ብስክሌት ወጣት ላድርስዎት ቢላቸው፣ «ከዐለቱ ጋር የተዋወቅሁት በእግሬ ነው» ብለው እምቢ አሉ። እየተቀመጡ፣ እየተነሡ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ዞረው እንደ መሰላል እየወረዱ፣ ረፋድ ላይ ላንቴ ደረሱ። ከዚያ በሚኒባስ አርባ ምንጭ ገቡ። በሕክምናው ቤት ከልጁ ቁስል ጠርዝ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ተሕዋሱ ተገኘ። ሐኪሙ ወደ ውስጥ ገና አልዘለቀም አለ። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ጊዜ እዚያው ቁስሉ ላይ የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ ነው። ያማል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ጮኸ፤ በሁለተኛው ሳምንት ገና ከቤት ሳይወጣ ጮኸ፤ በሦስተኛው ሳምንት የአያቱን የበትር ጫፍ ይዞ ጥርሱን ነከሰ።

ሐኪሙ የባልቴቷን ጉንጭ ዐይቶ፣ «እርስዎም ነበረብዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሁለት ነበርን» አሉ። ሐኪሙ የገባው አይመስልም፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ምራታቸው በአራተኛው ሳምንት ተራው የኔ ነው ብላ ስትነሣ፣ ባልቴቷ ቀድመው ደጅ ወጥተው ነበር። ጉልበታቸው በዚያ ሰሞን አብጦ በጨርቅ አስረውታል። ልጁ ከፊት እየዘለለ ይወርዳል፤ እየቆመ ይጠብቃቸዋል፤ የሚንሸራተተውን ድንጋይ በእግሩ እየፈተነ «እዚህ አይርገጡ» ይላቸዋል። በመንገዱ አጋማሽ ከተለመደችው ማረፊያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዓባያ ከበታቻቸው ተዘርግቷል። ከጎናቸው ካለው ቋጥኝ አናት ላይ አንድ ዘብ ሽኮኮ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ሁለቱን ይመለከታቸዋል። ልጁ ድንጋይ አነሣ። አያቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጣቸው፤ ተነሥተው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ በቀኝ እጃቸው ወረወሩ።

ሳቱት። ሽኮኮው አፏጨና ዐለቱ ውስጥ ገባ። ልጁ ሳቀ፤ ሲስቅ የአፍንጫው ቁስል ጠርዝ ተሸበሸበ፤ ደርቆ ነበር። «ሌላ አምጣ» አሉት ባልቴቷ።